የ1977ቱን የልጅነት መጽሐፌን መጠገን፦ የአሥር ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ምርመራ

መጽሐፉ «ዶክተር ሁ» የተባለው የቢቢሲ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ የ1977 ዓመታዊ መጽሐፍ፣ እንግሊዞች አኑዋል የሚሉት ነው። በ1976 የፈረንጆች ገና ለንደን ውስጥ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ሰጡኝ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እንግሊዝ አገር ከገባንም ስምንት ወር አልሞላንም። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ፣ ምንም ሳልነካ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶግራፍ አንሥቼ፣ ጉዳቱን በደብተር መዘገብኩ።

የፊት ገበታው፣ ማለት ጠንካራው የሽፋን ሰሌዳ፣ ከውስጥ በኩል ተቀድዶ በጠባብ የወረቀት ሰቅ ብቻ ተንጠልጥሏል። የጀርባው ወረቀት ከላይና ከታች ተበልቷል። አምስት ቦታ ላይ ፕላስተር አለ፤ ሁሉም እንደ ማር ቢጫ ሆኗል። አንድ ቅጠል በመቀስ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቷል፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በሁለት ገጾች መካከል አንድ የጋዜጣ ቁራጭ ተቀምጦ፣ በሁለቱም ገጾች ላይ ልክ የራሱን መጠን ያህል ቡናማ ጥላ አሳርፏል። የመጀመሪያው ገጽ የላይኛው ማዕዘን ዋጋው እንዳይታይ ተቆርጧል፤ ስጦታ ሰጪዎች በዚያን ጊዜ ይህን ማድረግ የተለመደ ነበር። እኔ ግን በልጅነቴ ጎረቤታችን የተበላሸ መጽሐፍ ሸጠውባቸው ይሆናል ብዬ አዝኜላቸው ነበር።

ከሁሉም በላይ መትረፍ ያለበት በመስመሮቹ መካከል ያለው የእርሳስ ጽሑፍ ነው። አባቴ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ከእኔ ጋር ተቀምጠው፣ ከከበደኝ የእንግሊዝኛ ቃል በላይ የአማርኛውን በቀጭን እርሳስ ይጽፉልኝ ነበር። «ስፔስሺፕ» ከሚለው ላይ የጠፈር መንኮራኩር፣ «ሚልኪ ዌይ» ከሚለው ላይ ፍኖተ ሐሊብ ብለዋል። መንኮራኩር የሚለውን ቃል እስከዚያ ድረስ የማውቀው ቤታችን ሲነበብ ከሰማሁት ከትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1 ብቻ ስለነበረ፣ የድራማውን ዋና ገጸ ባሕርይ፣ የዶክተሩን፣ ተሽከርካሪ ዓይን የሞላበት ትልቅ እሳታማ መንኮራኩር አድርጌ ነበር የማስበው። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዓላማ መጽሐፉን አዲስ ማስመሰል ሳይሆን፣ ሌላ ሃምሳ ዓመት ተገልጦ የሚነበብ ማድረግ ነው።

የመጀመሪያው ግዢ 49 ፓውንድ ሆኗል፦ ሁለት ሉህ ስስ የጃፓን ወረቀት 11፣ ሜቲል ሴሉሎስ የተባለው የሙጫ ዱቄት 7፣ ደረቅ የጎማ ስፖንጅ 4፣ የአጥንት ማጠፊያ 6፣ መምጠጫ ወረቀትና ሙጫ የማይዘው ስስ የፖሊስተር ጨርቅ 13፣ የወረቀት አሲድ መለኪያ ብዕር 8። የስንዴ ስታርች፣ ምላጭና ሁለት ሞርሳ ቤት ውስጥ ነበሩኝ።

ጥር 10፤ ደረቅ ጽዳት፣ ከባድ ስሕተት

የአሲድ መለኪያውን ብዕር ምንም ባልታተመበት ዳርቻ ላይ በነጥብ ያህል ሞከርኩት። ብዕሩ አሲድ የሌለው ወረቀት ላይ ሐምራዊ ይሆናል፤ እዚህ ወዲያውኑ ቢጫ ሆነ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ርካሽ ወረቀት ሊግኒን የተባለውን የእንጨት ንጥረ ነገር ስለያዘ፣ ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ አሲድ እየፈጠረ ይቢጫል፣ ይሰባበራል። አሲዱን የሚያረክስ በማግኒዥየም ኦክሳይድ የተዘጋጀ መርጫ መኖሩን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በባለቀለም ሥዕሎቹና በእርሳሱ ላይ ምን እንደሚያደርግ ልፈትንበት የምችል ትርፍ ገጽ ስለሌለኝ ተውኩት።

ጽዳቱን በጎማው ስፖንጅ ጀመርኩ፤ ስፖንጁ ሳይታሽ በቀስታ ሲጎተት አቧራውንና ጥላሸቱን ያነሣል፣ እርሳስን ግን ብዙም አይነካም። ሃያ ገጽ ያህል በጥሩ ሁኔታ ሄደ። አንድ ገጽ ላይ ግን የጣት ቅባት ያጠቆረው ቦታ አልለቅ ሲለኝ፣ ነጭ የፕላስቲክ ላጲስ በመሞረጃ ፈቅፍቄ ዱቄቱን በጣቴ ጫፍ ክብ እየሠራሁ አሸሁት። ዱቄቱን በብሩሽ ጠርጌ ስመለከት ቆሻሻው ለቅቋል፤ ከሥሩ የነበሩት ሦስት የአባቴ ቃላትም አብረው ጠፍተዋል። በክፍሉ መብራት ሥር ገጹን ብቻ እያየሁ ነበርና፣ በላዩ የተጻፈ ነገር መኖሩን ከደብተሬ ሳላመሳክር ነው የነካሁት።

በዚያ ቀን ሌላ ምንም አልሠራሁም። ካነሣሁት ፎቶግራፍ ላይ ልፈልጋቸው ብሞክርም፣ ያ ገጽ ላይ የእጄ ጥላ ወድቆ ምስሉ ደብዝዟል። ከዚህ በኋላ የሚሠራበት ደንብ ይህ ነው፦ አንድ ገጽ ከመነካቱ በፊት በስካነር በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይነሣል፤ እርሳስ ያለበት መስመር ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ምንም ጽዳት አይደርስበትም።

ጥር 17፤ የጠፉትን ቃላት ፍለጋ

እርሳስ ሲጻፍ ወረቀቱን ስለሚጫን፣ ጥቁሩ ቢለቅም ፈለጉ ሊቀር ይችላል። ክፍሉን አጨልሜ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ ከገጹ ጎን ከጠረጴዛው ወለል ጋር አስተካክዬ አጋድሜ አበራሁ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥላ ይጥላል። ስልኩን በመቆሚያ ላይ አድርጌ፣ ባትሪውን በገጹ ዙሪያ በስምንት አቅጣጫ እያዞርኩ ስምንት ፎቶግራፍ አነሣሁ። አንዱ አቅጣጫ ብቻ አይበቃም፤ የፊደሉ መስመር ከብርሃኑ ጋር ትይዩ ከሆነ ጥላ ስለማይጥል አይታይም።

«ኦርቢት» ከሚለው በላይ ምሕዋር የሚለው በሦስተኛው ፎቶግራፍ ላይ ወጣ። «ኮሜት» ከሚለው በላይ ያለው ጅራታም ኮከብ መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለት ፎቶግራፎችን መደራረብ ግድ ሆነ። ሦስተኛው፣ «ቮርቴክስ» ከሚለው በላይ የነበረው፣ ከሁሉም ይበልጥ የታሸው ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል «አ»፣ የመጨረሻው «ት» መሆኑ ይታያል፤ መካከሉ ግን ለስላሳ ሆኗል። ዶክተሩ በዘመናት መካከል የሚያልፍበት መተላለፊያ በድራማው በዚህ ስም ስለሚጠራ ቃሉ በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ አባቴ ግን ትርጉሙን የጻፉት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

የተገኙትን ሁለት ቃላት ገጹ ላይ መልሼ ልጽፋቸው አስቤ ነበር። አልጻፍኩም። እጁ የእኔ ይሆናል እንጂ የእሳቸው አይሆንም።

ጥር 24፤ ፕላስተሩን ማንሣት

አምስቱ ፕላስተሮች በሁለት ሁኔታ ላይ ናቸው። ሦስቱ ደርቀው የላይኛው ስስ ፕላስቲክ በምላጭ ጫፍ ሲነካ ራሱ ተነሣ፤ ከሥር ግን ወረቀቱ ውስጥ የገባ ቡናማ ሙጫ ቀረ። ሁለቱ ገና ይዘዋል። ለእነዚህ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ከ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለአሥር ሰከንድ ያህል እየሰጠሁ፣ የፕላስተሩን ጫፍ ወደ ራሱ መልሼ በማጠፍ ቀስ ብዬ ሳብኩ። ወደ ላይ ከተሳበ የወረቀቱን ገጽታ ይገሽልጣል፤ ወደ ኋላ ታጥፎ ሲሳብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙጫው ብቻ ይለያል። አንደኛው በደህና ወጣ። ሁለተኛው ከአንድ ባለቀለም ሥዕል ላይ የሩዝ ቅንጣት የሚያክል ቀለም ይዞ ሄደ።

የቀረውን የሚያጣብቅ ሙጫ ለማንሣት የክሬፕ ጎማ በ5 ፓውንድ ገዛሁ፤ እየተንከባለለ ይለቅመዋል። ቡናማው እድፍ ግን በኬሚካል ካልሆነ አይለቅም፤ ያንን ደግሞ አየር በማይንቀሳቀስበት ወጥ ቤት ውስጥ አልሠራውም። እድፉ ይቀራል።

ፕላስተር የተለጠፈባቸው ገጾች በሙሉ ሥዕላዊ ታሪኮቹ ያሉባቸው መሆናቸውን ዛሬ አስተዋልኩ። ቤታችን የነበረው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነበር። ቅዳሜ ማታ ቶም ቤከር የሚጫወተውን ዶክተር ስናይ፣ ያ ረጅም የአንገት ልብሱ ግራጫ በግራጫ ላይ ነበር፤ የሚጓዝበት፣ የፖሊስ የስልክ ሳጥን የሚመስለው መንኮራኩርም እንዲሁ። ሳጥኑ ሰማያዊ መሆኑን ያወቅሁት ከዚህ መጽሐፍ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ቀለሙን ለማስታወስ እነዚህኑ ገጾች እየገለጥኩ ስለነበር ነው የተቀደዱት። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ታሪኮች ለመጽሐፉ ብቻ የተጻፉ እንጂ በቴሌቪዥን የታዩት አይደሉም፤ ሥዕሎቹም ከድራማው ይልቅ የሠዓሊውን ሕልም ይመስላሉ። ይህን እንደ ጉድለት የሚያነሡ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቢቢሲ በነበረው ገንዘብ ስቱዲዮ ውስጥ ሊሠራ የማይችለውን ፕላኔት ሠዓሊው በአንድ ብሩሽ ይሠራው ነበር፤ ለእኔም ጠፈር ማለት እስከ ዛሬ ድረስ ያ ብርቱካንማና ሐምራዊ ሰማይ ነው።

የካቲት 1፤ የተቀደዱ ገጾች፣ የመጀመሪያው ሙከራ

የጃፓኑን ወረቀት በመቀስ መቁረጥ አይገባም። መስመሩ በውኃ በራሰ ቀጭን ብሩሽ ይሰመርና በእጅ ይጎተታል፤ ያን ጊዜ ጠርዙ ላይ ረጃጅም ጭረቶች ስለሚወጡ ከተቀደደው ወረቀት ጋር ያለ ድንበር ይዋሃዳል። ይህን በቀላሉ ለመድኩት።

የከበደኝ ሙጫው ነው። የስንዴውን ስታርች አንድ እጅ ለአምስት እጅ ውኃ አድርጌ፣ እያማሰልኩ ሃያ ደቂቃ አበሰልኩ፤ ሲበርድ በወንፊት አሳለፍኩት። ግን እንደ አጥሚት ቀጠነ። ወፍራም ማድረግ ሲገባኝ ቸኩዬ በዚሁ አንዱን ስንጥቅ ለጠፍኩ፤ ውኃው በደረቁ ወረቀት ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ተንሰራፋ፤ ሲደርቅ የቆመበት ጠርዝ ላይ ቡናማ መስመር አሰመረ፤ ገጹም ተጨማደደ። ውኃ የወረቀቱን አሲድና ቆሻሻ እየገፋ ሄዶ በሚቆምበት ዳር ላይ ስለሚያራግፈው ነው። በሚቀጥለው ቀን ገጹን በሁለት መምጠጫ ወረቀት መካከል አድርጌ በከባድ መዝገበ ቃላት ብጫነው መጨማደዱ ቀነሰ፤ መስመሩ ግን አለ።

የካቲት 8፤ ሁለተኛው ሙከራ

ሜቲል ሴሉሎሱን በ4 በመቶ፣ ማለት 4 ግራም ለ96 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አድርጌ ሌሊቱን አሳደርኩት፤ ጠዋት እንደ ተልባ ልጋግ ያለ ወፍራም ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ውስጥ ሁለት እጁን ከአንድ እጅ ወፍራም ስታርች ጋር ቀላቀልኩ። ሙጫው የሚቀባው በመጽሐፉ ገጽ ላይ ሳይሆን በጃፓኑ ወረቀት ላይ ነው፤ ከዚያም ወረቀቱ በመምጠጫው ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያርፍና ትርፉ ውኃ ሲጠጣለት በወረንጦ ተነሥቶ በስንጥቁ ላይ ይቀመጣል። ከላይና ከታች የፖሊስተሩ ጨርቅ፣ ቀጥሎ መምጠጫው፣ ከዚያ መስታወትና ክብደት። መምጠጫው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይለወጣል፤ ከዚያ ቢያንስ ለአራት ሰዓት አይነካም።

በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ስድስት ጊዜ ከሞከርኩ በኋላ በመጽሐፉ ገጾች ላይ አሥራ አንድ ስንጥቅ ጠገንኩ፤ አንድም መስመር አልወጣም። በሳምንት አሥራ አንድ ማለት አዝጋሚ ነው፤ ከዚህ በላይ ግን አልቸኩልም።

የካቲት 15፤ የጎደለው ቅጠል

የጎደለው ቅጠል ላይ የዶክተሩ ትልቅ ሥዕል ነበረ፤ ቆርጬ ከአልጋዬ በላይ ለጥፌው ቤት ስንለውጥ ግድግዳው ላይ ቀረ። ለመተካት ሌላ ያረጀ ቅጂ በኢንተርኔት በ7 ፓውንድ፣ ከነማጓጓዣው በ10.50 ገዛሁ። ዕቅዴ ቅጠሉን ከዚያ ቆርጦ ወደዚህ ማዛወር ነበር።

ቅጂው ሲደርስ ግን ሽፋኑ ቢበጣጠስም ገጾቹ ሙሉ ናቸው። «ይህ መጽሐፍ የ…» በሚለው ቦታ አንድ ልጅ ስሙን በሁለት ቀለም ብዕር ጽፎ፣ የሚፈቱትን እንቆቅልሾች በሙሉ ፈትቶ፣ የተሳሳተውንም ሰርዞ እንደገና ሠርቷል። ምላጩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህኛውም የአንድ ሰው የልጅነት ገና ነው።

ስለዚህ ቅጠሉን በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጌ፣ አሲድ በሌለውና በማያብለጨልጭ ወረቀት ላይ በሁለት ፊት አሳተምኩ፤ ከወረቀቱ ጋር 6 ፓውንድ ሆነ። የመጀመሪያው ኅትመት ነጭነቱ ዓይን ይወጋ ነበር፤ በሁለተኛው የአሮጌውን ወረቀት ቢጫነት በጥቂቱ ትቼ አሳተምኩ፤ ጨርሶ እንዲመሳሰል ግን አላደረግሁም። ከታች በኩል በትንሹ «በ2017 ዓ.ም. የተተካ» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩበትና በጃፓን ወረቀት ሰቅ ከጉቶው ጋር አያያዝኩት። የተቆረጠውን የዋጋ ማዕዘን በተመለከተ ግን ከአዲሱ ቅጂ ላይ ዋጋውን ማየት ብችልም አልሞላሁትም። ያንን ማዕዘን የቆረጡት የጎረቤታችን እጆች ናቸው።

የካቲት 22፤ ገበታውና ጀርባው

በአባቴ መደርደሪያ ላይ የነበረው የብራና ዳዊት ገበታው ከጥራዙ ጋር የተያያዘው በራሱ በመስፊያው ክር ነው፤ ክሩ በእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ያልፍና ይመለሳል። ስለዚህ ሙጫ ቢደርቅም ገበታው አይወድቅም። የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ግን ሽፋኑ ለብቻው ተሠርቶ በውስጥ ወረቀቱና በጀርባው ጨርቅ ብቻ ይለጠፋል፤ ሙጫው ሲሰባበር ክብደቱ ሁሉ በአንድ የወረቀት እጥፋት ላይ ይወድቃል። የእኔም የተቀደደው እዚያው ላይ ነው።

የጀርባ ጋርዛ (ስስ ወንፊታማ ጨርቅ)፣ ጠንካራ የጃፓን ወረቀትና ነጭ ሙጫ በ12 ፓውንድ ገዛሁ። የአሮጌውን ሙጫ ቅርፊት በአጥንቱ ማጠፊያ ጫፍ አራገፍኩ፤ ጋርዛውን ከጀርባው ሦስት ሴንቲ ሜትር እንዲተርፍ አድርጌ ለጠፍኩ፤ ትርፉን ከገበታው ሥር አስገባሁት። የመጀመሪያው ጊዜ ገበታውን አጥብቄ ስላስጠጋሁት መጽሐፉ አልገለጥ አለ፤ በመጠፊያው ላይ የሁለት ሚሊ ሜትር ቦይ መተው ይገባል። ሙጫው ሳይደርቅ ላቅቄ፣ በቦዩ ውስጥ የሹራብ መሥሪያ ቀጭን ብረት አስተኝቼ፣ ከሁለቱም ወገን ጣውላ አድርጌ በሞርሳ አሰርኩት። በማግስቱ ሲከፈት በትክክል ተኛ። የተበላው የጀርባ ጫፍ በጃፓን ወረቀት ተሞልቶ በውኃ ቀለም ተነክሯል፤ ሲቀርቡ ያስታውቃል፤ እንዲያስታውቅም ነው የተውኩት።

የካቲት 29፤ የጋዜጣው ቁራጭ

ቁራጩ የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ቫይኪንግ 1 ሐምሌ 13 ቀን 1968፣ በፈረንጆች ጁላይ 20 ቀን 1976፣ ማርስ ላይ ካረፈች በኋላ ከላከቻቸው ምስሎች የመጀመሪያው ነው፤ የራሷ እግር በድንጋያማ መሬት ላይ ይታያል። አባቴ ቆርጠው አስቀምጠው ቆይተው መጽሐፉ ሲመጣ ስለ ጠፈር ከተጻፉት ጽሑፎች አንዱ መካከል ከተቱት። የጋዜጣ ወረቀት አሲዱ ከዚህም ስለሚብስ ነው ቡናማ ጥላ የጣለው። ቁራጩን አሲድ ከሌለው ወረቀት ጋር በፖሊስተር ኪስ ውስጥ ለብቻው አድርጌ፣ በቦታው ቅጂውን አስገባሁ። ጥላው ይኖራል።

ዛሬ ለእትዬ ስልክ ደውዬ፣ ፎቶግራፎቹን ልኬላት፣ ስለ ሦስተኛው ቃል ጠየቅኋት። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አባባ ሲያስጠኑኝ እሷም አጠገባችን የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ፎቶግራፉን ሳትከፍተው «አዙሪት» አለችኝ። «ረሳኸው? አባባ የሻይ ብርጭቆውን በማንኪያ አዙሮ፣ ቅጠሉ ወደ መካከል ሲሰበሰብ እያሳየህ፣ ‹ይኸውልህ፤ ሳጥኑ በዚህ ውስጥ ነው የሚሄደው› ያለህን?» እኔ የማስታውሰው ብርጭቆውን ብቻ ነበር። ፎቶግራፎቹን እንደገና ስመለከት፣ ምን እንደምፈልግ ካወቅሁ በኋላ፣ በስድስተኛው ላይ የ«ዙ» እግር በግልጽ ይታያል። ሦስቱን ቃላት ከየት መስመር እንደሆኑ ጠቅሼ አሲድ በሌለው ካርድ ላይ ጽፌ፣ ከመጽሐፉ ኋላ ባለ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩ።

መጋቢት 6፤ ማኅደር

የአባቴ ዳዊት የቆዳ ማኅደር ነበረው፤ ለዚህም ልሠራለት ፈለግሁ። ቆዳ ከመጽሐፍ ጋር በቀጥታ ሲነካካ በምን ዓይነት ዘዴ እንደለፋ ማወቅ ስለሚያስፈልግ፣ በምትኩ አሲድ የሌለው ካርቶን በ9፣ ያልተነከረ የጥጥ ሸራ በ14 ፓውንድ ገዛሁ። የመጀመሪያውን የሠራሁት የመጽሐፉን ውፍረት ብቻ ለክቼ የካርቶኑንና የሸራውን እጥፋት ሳልደምር ስለነበር፣ መጽሐፉ ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ፤ ካርቶኑ ግማሹ ባከነ። በሁለተኛው በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ሚሊ ሜትር ጨመርኩ። አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ማንገቻ የለውም፤ ክዳኑ ግን እንደ ማኅደሩ ከላይ ታጥፎ በሁለት ጠፍር ይታሰራል።

ጠቅላላ ወጪው 105.50 ፓውንድ ሆኗል። የመጀመሪያው የ«ዶክተር ሁ» ዓመታዊ መጽሐፍ በማንቸስተሩ ወርልድ ዲስትሪቢውተርስ የወጣው በሴፕቴምበር 1965፣ ድራማው ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው፤ እነዚህ መጻሕፍት ለገና ስጦታ እንዲደርሱ በመጸው ወጥተው የሚቀጥለውን ዓመት ቁጥር ይይዛሉ። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ መጽሐፉን በተቀበልኩ ጊዜ ሽፋኑ 1977፣ የለንደን ቀን መቁጠሪያ 1976፣ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የእኛው ደግሞ 1969 ይሉ ነበር፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ አባቴን ስጠይቃቸው ሦስቱም ትክክል እንደሆኑ ነገሩኝ። ስለዚህ በማኅደሩ ክዳን ውስጥ ባለው መለያ ላይ ሦስቱንም ጻፍኩ። መጽሐፉ አሁን ከማሞቂያውና ከመስኮቱ ርቆ በመኝታ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ ተቀምጧል። ያኛው ልጅ የፈታቸው እንቆቅልሾች ያሉበት ቅጂ የጀርባው ጥገና ገና ይቀረዋል፤ የተረፈው ጋርዛ ይበቃዋል።